ሩሲያኛን የት ሄዶ መማር ይሻላል? የአንዲት የታሪክ መምህርት ምርጫ፦ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የእህቴ ልጅ ሩሲያኛ ለመማር ወደየት መሄድ እንዳለባት ለመወሰን ከሚያዝያ 2016 እስከ ጥቅምት 2018 ዓ.ም. ያሳለፈችውን ሂደት ከመነሻው ዛሬ እስካለበት ደረጃ ድረስ ይተርካል። ስሟንም ሆነ የምታስተምርበትን ዩኒቨርሲቲ አልጠቅስም። ጉዳዩን ለመጻፍ ፈቃዷን አግኝቻለሁ፤ ረቂቁንም አንብባ ሁለት ቦታ ላይ አርማኛለች። እንድጽፈው ያነሳሳኝ፣ በየጊዜው ልጆቻቸውን ወደ ሩሲያ ሊልኩ ያሰቡ ወላጆች ደውለው የሚያቀርቡልኝ የመጀመሪያ ጥያቄ «የትኛው ከተማ ይሻላል?» የሚል መሆኑ ነው። እኛም የጀመርነው ከዚሁ ጥያቄ ነበር፤ ዋጋም አስከፍሎናል።

ልጅቷ በጊዜው የ26 ዓመት ወጣት ነበረች። በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ በረዳት መምህርነት ትሠራለች፤ የምታጠናውም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን ታሪክ ነው። በዚህ ዘመንና በዚህ አካባቢ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከአሌክሳንደር ቡላቶቪች ማምለጥ አይችልም። ይህ የሩሲያ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 (እ.ኤ.አ.) ከሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ጋር ወደ አገራችን መጣ፤ እስከ ባሮ ወንዝ ተጓዘ፤ በ1898ም ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ጋር ከካፋ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ዘመተ። ያየውንም በ1897 እና በ1900 ባሳተማቸው ሁለት መጻሕፍት ጽፎ አስቀረው። እርሷ እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያነበበችው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነበር። ከቡላቶቪች በኋላ የመጡት የሩሲያ ሊቃውንት፣ የግእዝ ገድላትን ያሳተመው ቦሪስ ቱራየቭም ሆነ የመካከለኛውን ዘመን ታሪካችንን ዕድሜ ልኩን ያጠናው ሴቪር ቼርኔትሶቭ፣ ከጻፉት የሚበዛውን ግን ሩሲያኛ የማያውቅ ሰው አያገኘውም። ስለዚህ ፍላጎቷ ከመጀመሪያው ግልጽ ነበር፤ የምትፈልገው ማንበብ ነው። ይህን ግልጽ ነገር መመዘኛችን ሳናደርገው ግማሽ ዓመት አለፈ።

ለዚህ ትልቁን ድርሻ የምወስደው እኔ ነኝ። በ1977 ዓ.ም. ለመሰናዶ ትምህርት ወደ ቮሮኔዥ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ስለነበርሁ፣ በቤተሰቡ ዘንድ ስለ ሩሲያ ጉዳይ የሚጠየቅ ሰው እኔ ነበርሁ። ገና ስታማክረኝ ያለ ማመንታት ቮሮኔዥን መከርኋት። ምክንያቴ መልካም አስተማሪዎች ስለነበሩኝና ከተማውን ስለምወደው ብቻ ነበር። እርሷ ግን ጥቂት አሰብ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ በስንት ወርዎ ነው ጋዜጣ ማንበብ የጀመሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ስፈልግ ያላሰብሁትን ነገር አስተዋልሁ። በአሥር ወር ውስጥ ስለ ቁስ አካል ጥንካሬ የሚሰጥ የምህንድስና ትምህርት ተከታትዬ ማስታወሻ መያዝ እችል ነበር፤ አንድ የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽ ግን ከዳር እስከ ዳር ለመረዳት ሌላ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ይህ የሆነው እኔ ሰነፍ ስለነበርሁ ወይም ትምህርቱ ደካማ ስለነበር አይደለም። እኛ «ፖድፋክ» እያልን የምንጠራው የመሰናዶ ፋኩልቲ የተቋቋመው ቋንቋን ለቋንቋነቱ ለማስተማር ሳይሆን የውጭ አገር ተማሪን በአንድ ዓመት ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ብቁ ለማድረግ ነው። ስለዚህም ተማሪዎች በሚቀጥሉት የሙያ ዘርፍ ይከፈላሉ፤ መሐንዲሱ ሂሳብና ፊዚክስ፣ ሐኪሙ ኬሚስትሪና ሥነ ሕይወት፣ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪው ደግሞ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ከሩሲያኛው ጋር አብሮ ይማራል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለሁሉም አንድ ናቸው፤ 33ቱን ፊደላት፣ ድምፆቹንና የሰዋስው መግቢያውን ይይዛሉ። ከዚያ በኋላ ግን በአንድ ሕንፃ የሚኖሩ ሁለት ተማሪዎች ሁለት የተለያዩ ሩሲያኛዎችን ይማራሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የእኔ ዓይነቱን ሩሲያኛ ይዛ ወደ ቡላቶቪች ብትሄድ አንድ ገጽ አትገፋም ነበር። ከዚያች ጥያቄ በኋላ ምክሬን አንሥቼ አብሬያት መፈለግ ጀመርሁ።

የቀረቡት መንገዶች

በጠረጴዛው ላይ አራት መንገዶች ነበሩ። የመጀመሪያው የሩሲያ መንግሥት ለውጭ አገር ዜጎች በኮታ የሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ኮታው ለዓለም ሁሉ ለብዙ ዓመታት 15,000 ቦታ ሆኖ ቆይቶ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ 30,000 ደርሷል። የትምህርቱን ክፍያ ይሸፍናል፤ ሩሲያኛ የማያውቅ ሰው ከዋናው ትምህርት በፊት አንድ የመሰናዶ ዓመት በነፃ ያገኛል፤ የመኖሪያ ኦብሼዥቲዬም (የተማሪዎች ማደሪያ) አለው። የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የሕክምና መድኑና ከትንሿ ወርኃዊ ድጎማ በላይ ያለው ወጪ ግን የተማሪው ነው። አመልካቹ እስከ ስድስት ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል መጻፍ ይችላል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የመሰናዶውን ዓመት የሚያሳልፍበት ከተማ ከጻፋቸው ዩኒቨርሲቲዎች ከተማ የተለየ ሊሆን እንደሚችል ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ብሎ የጻፈ ልጅ የመጀመሪያውን ዓመት አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ ሊጀምር ይችላል።

ሁለተኛው ሞስኮ ወይም ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ በራስ ክፍያ የቋንቋ ኮርስ ብቻ መማር ነው። በሞስኮ የሚገኘው የፑሽኪን የሩሲያ ቋንቋ ተቋም ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎችም ተመሳሳይ ኮርሶች አሏቸው። ይህን መንገድ ብዙም አላቆየነውም፤ በክፍያው ምክንያት በሁለት ሳምንት ውስጥ ተውነው።

ሦስተኛውን ያመጣችው በቨርጂኒያ የምትኖረው አክስቷ ናት። አሜሪካኖች ሩሲያኛ የሚማሩ ተማሪዎቻቸውን የሚልኩት ወደ ሩሲያ እንዳልሆነ ከምታውቃቸው ሰዎች ሰምታ ነበር፤ የሰማችውም ትክክል ነበር። በአሜሪካ መንግሥት የሚደገፈው የላቀ ደረጃ የሩሲያኛ ፕሮግራም ገና በ2014 (እ.ኤ.አ.) ከሴንት ፒተርስበርግ ወደ ካዛክስታኗ አልማቲ ተዛውሯል። ከየካቲት 2022 (እ.ኤ.አ.) የዩክሬን ጦርነት በኋላ ደግሞ ሌሎቹ ወደ አልማቲ፣ ቢሽኬክ፣ ትብሊሲ፣ ዬሬቫን እንዲሁም በላትቪያና በኢስቶኒያ ወዳሉ ሩሲያኛ ተናጋሪ ከተሞች ሄደዋል። እነዚያ ፕሮግራሞች ለአሜሪካ ተማሪዎች የተዘጋጁ ስለሆኑ እኛን አይመለከቱንም፤ ነገር ግን መንገዱን አመልክተውናል። በኪርጊዝስታን ሩሲያኛ ከኪርጊዝኛ ጎን የሥራ ቋንቋ ነው፤ በቢሽኬክ የግል የቋንቋ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ተማሪው ከአንድ ቤተሰብ ጋር እየኖረ ሩሲያኛ ሊማር ይችላል። አክስቷ ለዚህ 2,500 ዶላር ልታወጣ ቃል ገባች።

አራተኛው መንገድ የትም ሳይሄዱ እዚሁ መጀመር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በፑሽኪን ስም የሚጠራው የሩሲያ የሳይንስና የባህል ማዕከል አለ፤ በሶቪየት ኅብረት የተማሩ፣ ቋንቋውን ሊያስተምሩ የሚችሉ ብዙ ሰዎችም በመካከላችን አሉ። መጀመሪያ ላይ ይህን አራተኛ መንገድ ሌሎቹ ካልተሳኩ የሚያዝ አድርገን ነበር ያየነው። በኋላ እንደታየው ጉዳዩን የወሰነው ከሁሉ ይልቅ እርሱ ነው።

ሰዓት መቁጠር

ሐሳባችንን ያጠራልን የሰዓት ስሌት ነው። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለዲፕሎማቶቹ ቋንቋ በሚያስተምርበት ተቋም ልምድ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ የሆነ ሰው ሩሲያኛን ለሥራ በሚበቃ ደረጃ ለማወቅ 44 ሳምንት ወይም 1,100 የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል። አማርኛም በዚያው ተቋም ከሩሲያኛ ጋር በአንድ የክብደት ምድብ ተመድቧል። ይህን ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ አልረሳውም፤ የራሷ ቋንቋ ለሌላው ሰው የዚያኑ ያህል ከባድ መሆኑን ማወቋ ድፍረት ሰጣት። ለአማርኛ ተናጋሪ ስሌቱ በጥቂቱ ይለያል። ለምሳሌ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እጅግ የሚቸገሩበት የሩሲያኛ አናባቢ፣ «ብር» ስንል ከ«ብ» ቀጥሎ ከሚሰማው የእኛ ሳድስ ድምፅ ጋር በጣም ይቀራረባል። በሌላ በኩል የጠንካራና የለስላሳ ተነባቢዎች ልዩነት እኛንም ያስቸግረናል። በእኛ ፊደል ሁለቱም «ብራት» ተብለው የሚጻፉ ሁለት ቃላት አሉ፤ መጨረሻው ጠንካራ ሲሆን «ወንድም»፣ ሲለሰልስ «መውሰድ» ማለት ነው።

በዚህ መሠረት ተቀምጠን ደመርን። አራት ሳምንት የሚቆይ የክረምት ኮርስ በሳምንት 20 ሰዓት ቢያስተምር 80 ሰዓት ይሆናል። በአክስቷ ገንዘብ ቢሽኬክ ልትቆይ የምትችለው 14 ሳምንት ያህል ነው፤ በዚያው ስሌት 280 ሰዓት ማለት ነው። በመሰናዶ ፋኩልቲ ትምህርቱ በሳምንት እስከ 25 ሰዓት ቢሆንና 30 ሳምንት ቢዘልቅ 750 ሰዓት ይደርሳል። ደረጃዎቹንም አየን። በሩሲያ የውጭ ዜጎች የቋንቋ ፈተና የመግቢያው ደረጃ 780 ያህል፣ መሠረታዊው 1,300፣ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚጠየቀው አንደኛው ደረጃ ደግሞ 2,300 ቃላት ይጠይቃል። ፈተናው ሰዋስውና ቃላት፣ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ማዳመጥና መናገር ተብሎ በአምስት ይከፈላል፤ ለማለፍም በእያንዳንዱ ቢያንስ 66 በመቶ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ከአምስቱ በአንዱ ብቻ እስከ 60 ዝቅ ማለት ይፈቀዳል። ስለዚህ 80 ሰዓት ተምሮ የሚመለስ ሰው አገሩን ያያል፣ ጆሮውን ይከፍታል፤ መጽሐፍ ግን አያነብም። ይህ ቁጥር ፊት ለፊታችን ከተጻፈ በኋላ ስለ ከተሞች ውበት የምናደርገው ክርክር በራሱ ቆመ።

ፍርሃት፣ ገንዘብና አንድ ማስታወቂያ

ሆኖም የቋንቋ ምርጫ በስሌት ብቻ አይጨረስም። እህቴ ጦርነት ላይ ወዳለ አገር ልጇን ለመላክ አልፈቀደችም፤ ከእርሷ ጋር የተነጋገርነው ረጅም ጊዜ ነው። እኔም የማውቀውን አልደበቅኋትም። በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በቮሮኔዥና በሴንት ፒተርስበርግ ጥቁርና ሌሎች የውጭ አገር ተማሪዎች በዘረኞች እጅ ተገድለዋል፤ ይህ የሆነው እኔ በሰላም በኖርሁበት ከተማ ነው። በዚህ ምክንያት መጀመሪያ ላይ እህቴም አክስቷም ቢሽኬክን «ሰላማዊው ምርጫ» ይሉት ነበር። ከዚያ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በቢሽኬክ የተቆጣ ሕዝብ የውጭ አገር ተማሪዎችን ማደሪያ ወረረ፤ ከፓኪስታንና ከሌሎች አገሮች የመጡ ተማሪዎች ተደበደቡ፤ ፓኪስታንም ተማሪዎቿን በልዩ በረራ ማስወጣት ጀመረች። ዜናውን የሰማነው ስለ ቢሽኬክ በምንወያይበት ሳምንት ነበር። ያ ሌሊት ቢሽኬክን መጥፎ ከተማ አያደርገውም፤ ነገር ግን አደጋን በካርታ ላይ አንድ ቦታ ከልለን ሌላውን ነፃ ማውጣት እንደማንችል አስተማረን። ከዚያ በኋላ እህቴ ጥያቄዋን ለወጠች። «የትኛው አገር ነው ሰላም?» ማለቷን ትታ «ልጄ ማታ ከትምህርት ቤት እስከ ማደሪያዋ በምን ትሄዳለች? ችግር ቢገጥማት ማንን ትጠራለች?» ማለት ጀመረች። በዚህ ሁሉ ሂደት ከተጠየቁት ጥያቄዎች እጅግ ጠቃሚ ከነበሩት አንዱ ይህ የእናት ጥያቄ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ የቤተሰቡ ስሌት ፈረሰ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ልጅቷ ከደመወዟ ለሁለት ዓመት ያጠራቀመችው ገንዘብ በዶላር ሲመነዘር ከግማሽ ብዙም አልበለጠም፤ ከዚያ ወዲህ በራስ ክፍያ መማር የሚለው ሐሳብ በአክስቷ ዶላር ላይ ብቻ የቆመ ሆነ። በሩሲያ በኩል ደግሞ ሌላ ችግር ነበር። ከመጋቢት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሩሲያ ውጭ የወጡ የቪዛና የማስተርካርድ ካርዶች እዚያ አይሠሩም፤ ዌስተርን ዩኒየንም አገልግሎቱን አቋርጧል። ስለዚህ በቨርጂኒያ ያለች አክስት ሩሲያ ላለች ልጅ በቀጥታ ገንዘብ መላክ አትችልም፤ ወደ ቢሽኬክ ግን ትችላለች። ተማሪ ለሚልክ ቤተሰብ ይህ ልዩነት የሚናቅ አይደለም። እኛ በመጨረሻ የፈታነው አክስቷ ገንዘቡን አስቀድማ ወደ አዲስ አበባ ልካ፣ ልጅቷ ከባንክ በደንቡ መሠረት የመንገደኛ ዶላር ይዛ እንድትሄድና ለመጀመሪያዎቹ ወራት በዚያ እንድትኖር በማድረግ ነው።

በዚህ መካከል፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት፣ የ20 ዓመት ታናሽ እህቷ ስልኳ ላይ ያየችውን አንድ ማስታወቂያ ለሁላችንም ላከች። ሩሲያ ሄዶ እየሠሩ፣ ደመወዝ እያገኙ፣ ቋንቋም እየተማሩ፣ ትኬቱም ተከፍሎ የሚል ነበር፤ ከ18 እስከ 22 ዓመት ያሉ ሴቶችን ብቻ ይፈልጋል። ዕድሜው በዚህ መንገድ መገደቡ አስደነገጠኝ። በዚያው ሰሞን፣ በጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.)፣ አሶሺየትድ ፕሬስ ባወጣው ምርመራ በተመሳሳይ መንገድ የተመለመሉ አፍሪካውያን ወጣት ሴቶች በታታርስታን በሚገኝ የኢንዱስትሪ ዞን የጦር ድሮን እንዲገጣጥሙ መደረጋቸውን ዘገበ። የእኛ ማስታወቂያ ከዚያ ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አልተቻለኝም፤ ነገር ግን ታናሽ እህቷን አስቀምጬ ዘገባውን አብረን አነበብነው፤ ማስታወቂያውንም ተወችው። ቋንቋ ለማስተማር የሚጋብዝ ተቋም በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ ለየትኛው ፈተና እንደሚያስተምር ይናገራል። ስለ ደመወዝ አብዝቶ ስለ ትምህርት ዝም የሚል ጥሪ የትምህርት ጥሪ አይደለም፤ ወላጆች ይህን ነገር አጥብቀው እንዲይዙ እለምናለሁ።

የላክነው ደብዳቤ

መስከረም 2017 ላይ ለሦስት ተቋማት አንድ ዓይነት ደብዳቤ ጻፍን፤ ሁለቱ በሩሲያ፣ አንዱ በቢሽኬክ ይገኛሉ። የጠየቅነው ጥቂት ነገር ነው። በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? መምህሩ የሚያስረዳው በእንግሊዝኛ ነው ወይስ ከመጀመሪያው ቀን በሩሲያኛ? ማደሪያ ክፍል የሚጋራው ከማን ጋር ነው? ጥቂት ሩሲያኛ አውቆ የሚመጣ ተማሪ ተፈትኖ ከፍ ወዳለ ክፍል ይገባል ወይስ ከሀሁ ይጀምራል? በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው የትኛው ፈተና ነው?

አንደኛው ባማሩ ሥዕሎች የተሞላ መግለጫ ላከልን፤ ከጥያቄዎቻችን አንዱንም አልመለሰም። የቢሽኬኩ ትምህርት ቤት በማግስቱ በትሕትናና በዝርዝር መለሰ፤ ለብቻ የሚሰጥ ትምህርት እንዳለው፣ ልጅቷ ከአንዲት ባልቴት ቤት ልትኖር እንደምትችል ገለጸ። ስለ ፈተና ግን ያዘጋጀው ነገር አልነበረም። ሦስተኛው፣ በሩሲያ ያለ የመሰናዶ ፋኩልቲ፣ በሁለት ሳምንቱ ከአንዲት የክፍል ኃላፊ የተጻፈ ምላሽ ሰጠን። በክፍል ከ8 እስከ 12 ተማሪ እንዳለ፣ ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ በሩሲያኛ እንደሆነ፣ ዘግይተው የሚደርሱ ተማሪዎች አዲስ በሚከፈት የጀማሪዎች ክፍል እንደሚመደቡ፣ መሠረታዊውን ደረጃ ይዞ የመጣ ሰው ግን ተፈትኖ በመስከረም ከጀመሩት ጋር ሊቀላቀል እንደሚችል አስረዳች። ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ዕቅዳችንን ለወጠው። የመሰናዶ ዓመት ለሁሉም እኩል ርዝመት የለውም፤ ቪዛ ዘግይቶበት በኅዳር የሚደርስ ጀማሪ ሁለት ወር አጥቶ ይጀምራል፤ መሠረታዊውን ደረጃ እዚሁ ተምሮ የሚሄድ ግን ያንን ጊዜ ያተርፋል።

ውሳኔውና ያስከተለው

እንግዲህ ውሳኔው ይህ ነበር። ልጅቷ በኮታው ለሁለተኛ ዲግሪ በታሪክ አመለከተች፤ ይህም ለማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ በተዘጋጀው መሰናዶ እንድትመደብ የሚያደርግ ነው። በቅድሚያ የጻፈችው ሴንት ፒተርስበርግን ነው፤ ምሥረታውን ከ1724 (እ.ኤ.አ.) የሚቆጥረው ዩኒቨርሲቲ በምሥራቃውያን ጥናት ፋኩልቲው አማርኛ ሲያስተምር የኖረ ነው፤ ቼርኔትሶቭ የሠራበት የኩንስትካሜራ ሙዚየምም የኢትዮጵያ ቅርሶች ይዞ በዚያው ከተማ ይገኛል። በእናቷ ጥያቄ ለዩክሬን ድንበር የሚቀርቡትን ቮሮኔዥን፣ ቤልጎሮድንና ሮስቶቭን ከዝርዝሩ ሰረዝን። ቮሮኔዥን መሰረዙ ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ ትክክል መሆኑን ግን አምኜበታለሁ። ቢሽኬክን ሙሉ በሙሉ አልተውነውም፤ ኮታው ባይሳካ የአክስቷ ገንዘብ ለዚያ እንዲውል ተስማማን። እስከዚያው ጊዜ ደግሞ በሞስኮ የተማሩ አንዲት ጡረተኛ መምህርት በሳምንት አራት ሰዓት ያስተምሯት ጀመር። ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ለአሥር ወራት ተማረች፤ በክፍል 160 ሰዓት ያህል መሆኑ ነው፤ ለብቻዋ ያጠናችው ግን ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። ስድስቱን የስም አገባቦች እዚሁ ጨርሳ ሄደች።

ውጤቱ በሰኔ 2017 መጣ፤ ተቀባይነት አገኘች። የመሰናዶው ዓመት ግን የተመደበላት በሴንት ፒተርስበርግ ሳይሆን ከሞስኮ በስተምሥራቅ፣ በቮልጋ ወንዝ ዳር ባለች ከተማ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን ይህ ምደባ ቤቱን ሁሉ ያሳዝን ነበር። አሁን ግን የምንመዝንበት ሌላ ስለነበረ፣ በዚያው ቀን ለአዲሱ ፋኩልቲ ያንኑ ደብዳቤ ጻፈች፤ መልሱም ካገኘነው ከሦስተኛው ተቋም መልስ ጋር የሚመሳሰል ሆነ።

ቪዛው ዘገየ፤ የደረሰችው በጥቅምት 2018 አጋማሽ ነው። በደረሰች በሦስተኛው ቀን እንድትፈተን ጠየቀች፤ መሠረታዊውን ደረጃ በጠባቡ አለፈች፤ በመስከረም ከጀመሩት ጋር ተቀላቀለች። አብረዋት የደረሱ ተማሪዎች የጀመሩት ከፊደል ነው።

ማደሪያውን በሚመለከት ያደረገችው ነገር ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነበር። የኦብሼዥቲዬው ኃላፊ በደግነት ከሁለት ኢትዮጵያውያን ልጆች ጋር መድባት ነበር። እርሷ ግን ከሳምንት በኋላ ሄዳ እንድትቀየር ለመነች፤ አሁን የምትኖረው ከአንዲት የቬትናምና ከአንዲት የቱርክሜኒስታን ልጅ ጋር ነው። ሦስቱን የሚያግባባ ቋንቋ ሩሲያኛ ብቻ ነው፤ ማን ሻይ እንደሚያፈላ፣ መስኮቱ ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው ክርክር ሁሉ በሩሲያኛ ነው። የአገሯ ልጆች ግን ይህን እንደ መራቅ ቆጠሩት፤ «ኮራች» ተባለች፤ ይህም በጣም አሳዘናት። እናቷ ያሸከመቻትን ቡና እሑድ እሑድ እነርሱ ክፍል ይዛ እየሄደች ማፍላት ስትጀምር ነገሩ ረገበ። ታኅሣሥ ላይ፣ ፀሐይ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት ስትጠልቅና በረዶው ሲበረታ፣ ደውላ ያለቀሰችበት ሌሊት ነበር። ከቤተሰብ ቤት በቢሽኬክ ብትኖር ኖሮ ይህን ያህል ብቸኝነት ላይሰማት ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ምርጫችን ካስከፈለን ዋጋዎች አንዱ ይህ ነው፤ ሌላ ተማሪ በዚህ በኩል ሌላ ቢመርጥ አልፈርድበትም።

ያልተሟላም ነገር አለ። የመሰናዶው የታሪክ ትምህርት ጥሩ ነው፤ የሚያስነብባቸው ጽሑፎች እርሷ የምትፈልገው ዓይነት ናቸው። ነገር ግን የቡላቶቪች መጻሕፍት መጀመሪያ የታተሙት በ1918 (እ.ኤ.አ.) ከተደረገው የፊደል ለውጥ በፊት በነበረው አጻጻፍ ነው፤ ይህን መሰናዶው አያስተምርም፤ የመዛግብት የእጅ ጽሕፈትማ ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ በ1971 (እ.ኤ.አ.) በአዲሱ አጻጻፍ ከታተመው ጀምራለች። ከእኔ የወሰደችው በ1969 (እ.ኤ.አ.) በሞስኮ የታተመው የጋንኪን የአማርኛ–ሩሲያኛ መዝገበ ቃላት አጠገቧ አለ፤ ጀርባው ተገንጥሎ በክር የሰፋሁት እኔ ነኝ። አማርኛውን አይታ ሩሲያኛውን ስለሚሰጣት ለመጻፍ እንጂ ለማንበብ ብዙ አይረዳትም፤ ሆኖም አብሯት እንዲሆን ፈለገች።

ባለፈው እሑድ በድምፅ መልእክት፣ «ጋሼ፣ ዛሬ አንዱን ገጽ በአንድ ሰዓት ተኩል ጨረስሁት፤ ኅዳር ላይ አራት ሰዓት ነበር የፈጀብኝ። አሁንም የባሮን መሻገሪያ አልደረስሁም» ብላኛለች። የአንደኛው ደረጃ ፈተና በሰኔ ነው።